ፍሪትዝ ላንግና ተቆራርጦ የተጣለው ፊልሙ

ስለ ሲኒማ ታሪክ የተጻፈ መጽሐፍ «ሜትሮፖሊስ» የተባለውን የጀርመን ፊልም ሳያነሣ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ፊልም መጀመሪያ በታየበት ዓመት ተመልካች አጥቶ፣ በጋዜጣ ተነቅፎ፣ ባለንብረቶቹም ከርዝመቱ ሩብ ያህሉን ቆርጠው ጥለውት ነበር። የተጣለው ክፍል ተፈልጎ የተገኘው ከ81 ዓመት በኋላ ነው። የፊልሙ አዘጋጅ ፍሪትዝ ላንግ ግን ያን ቀን ሳያይ አርፏል። ዛሬ የምንተርከው የዚህን ሰው ሕይወትና ሥራው በሰው ዘንድ ያገኘውን ፍርድ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ላንግ ዲሴምበር 5 ቀን 1890 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተወለደ። አባቱ አንቶን ላንግ በሕንፃ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበርና ልጁም የርሱን ሙያ እንዲይዝ ይመኝ ነበር። ወጣቱ በቪየና የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብቶ ጥቂት ጊዜ ተማረ። ነገር ግን ልቡ ወደ ሥዕል ስላዘነበለ ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ። በፓሪስ ሥዕል እየሣለ ሲኖር በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ወደ አገሩ ተመልሶ በኦስትሪያ ጦር ውስጥ ተሰለፈ፤ በጦር ሜዳም ቆሰለ። ለፊልም የሚሆን ድርሰት መጻፍ የጀመረው ቁስሉን በሚታከምበት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ኤሪክ ፖመር የተባለው የፊልም ሥራ መሪ ወደ በርሊን ወሰደው፤ በ1919 የመጀመሪያ ፊልሙን አዘጋጀ። በ1922 ቴአ ፎን ሃርቡ የተባለችውን ደራሲ አገባ። እርስዋ ድርሰቱን እየጻፈች፣ እሱ እያዘጋጀ፣ በ1922 «ዶክተር ማቡዘ»ን፣ በ1924 ደግሞ ከጥንት የጀርመን ጀግኖች ተረት የተወሰደውን «ኒቤሉንገን»ን አወጡ። በዚህ ጊዜ ላንግ ገና 34 ዓመት ሳይሞላው በጀርመን አገር ስሙ የገነነ አዘጋጅ ሆኖ ነበር።

በ1924 መጨረሻ ላይ ላንግ ከፖመር ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። የኒው ዮርክን ፎቆች በሌሊት መብራት አሸብርቀው ከመርከብ ላይ ሆኖ ባየ ጊዜ የ«ሜትሮፖሊስ» ሐሳብ እንደ መጣለት በኋላ ደጋግሞ ይናገር ነበር። ነገሩ ግን ከዚህ ትንሽ ይለያል። ድርሰቱ ከጉዞው አስቀድሞ ተጀምሮ ነበርና ኒው ዮርክ ያደረገችው ነገር ቢኖር በሐሳቡ የነበረችውን ከተማ መልክ መስጠት ነው።

የፊልሙ ታሪክ ወደፊት በሚመጣ ዘመን የሚሆን ነው። ባለጸጎች ከምድር በላይ በታላላቅ ፎቆችና በአትክልት ቦታ ይንደላቀቃሉ። ሠራተኞች ከምድር በታች ይኖራሉ፤ እንደ መኪናው ጥርስ እየዞሩ ይደክማሉ። ማሪያ የምትባል ልጃገረድ ለሠራተኞቹ ትዕግሥትን ትሰብካለች። የከተማይቱ ጌታ ልጅም ይወዳታል። ሮትቫንግ የሚባለው ፈልሳፊ ደግሞ ማሪያን የሚመስል የብረት ሰው ሠርቶ ሠራተኞቹን እንዲያሳብድ ይልከዋል። እነርሱም መኪናዎቹን ሰባብረው የገዛ መኖሪያቸውን በጎርፍ ያስጥላሉ። በመጨረሻ ልጁ በአባቱና በሠራተኞቹ አለቃ መካከል ቆሞ እጅ ለእጅ ያጨባብጣቸዋል።

ቀረጻው በሜይ 1925 ተጀምሮ በኦክቶበር 1926 አለቀ። ለሥራው የታሰበው ገንዘብ 1 ሚሊዮን ተኩል ማርክ ሲሆን፣ ሲጨረስ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ። የሠሩት ሰዎች ብልሃት እስከ ዛሬ ያስደንቃል። ለምሳሌ ኦይገን ሹፍታን የተባለው ባለሙያ መስተዋት በካሜራው ፊት አግድሞ አቆመ። ትንንሽ ሆነው የተሠሩት ፎቆች በመስተዋቱ ውስጥ ይታያሉ። የመስተዋቱ ብር ከተፋቀበት ቦታ ደግሞ ከኋላ የቆሙት ተዋንያን ይታያሉ። ሁለቱ በአንድ ሥዕል ላይ ሲጋጠሙ ሰዎቹ ከግዙፍ ፎቅ ሥር የቆሙ ይመስላሉ። ማሪያንም የብረቱንም ሰው ሆና የተጫወተችው ብሪጊተ ሄልም ዕድሜዋ ገና ከ20 በታች ነበር። ብረት መስሎ የሚታየው ልብስ ገላዋን እየፋቀ ያቆስላት እንደ ነበር ይነገራል።

ፊልሙ ጃንዋሪ 10 ቀን 1927 በበርሊን በታላቁ የኡፋ ሲኒማ ቤት በክብር ተከፈተ። በዚያ ምሽት ተመልካቹ አጨበጨበ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሲኒማ ቤቱ አልሞላ አለ። ጋዜጠኞች የሥዕሉን ውበትና የመኪናዎቹን ግርማ አድንቀው፣ ታሪኩን ግን እንደ ሕፃን ተረት ቆጠሩት። ወጣቱ እስፓኛዊ ሉዊስ ቡኙኤል፣ በኋላ ራሱ ታላቅ የፊልም አዘጋጅ የሆነው፣ በአንድ ፊልም ውስጥ ሁለት ፊልም እንዳየ ጻፈ። አንዱ ለዓይን ድንቅ፣ ሌላው ለአእምሮ ባዶ ሆኖ አገኘው።

ከሁሉ የከረረው ነቀፌታ የመጣው ስለ መጪው ዘመን በመጻፍ ከታወቀው ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከኤች ጂ ዌልስ ነው። ጽሑፉ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በኤፕሪል 1927 ታተመ። ዌልስ ከዚህ የበለጠ የቂል ፊልም አላየሁም እስከ ማለት ደረሰ። ምክንያቱንም ዘረዘረ። መኪና የሰውን የጉልበት ሥራ ይቀንሳል እንጂ አያበዛም ሲል ተከራከረ። ፋብሪካ በብዛት የሚያመርተውን ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ያስፈልገዋልና ሠራተኛውን ሁሉ አደኽይቶ የሚበለጽግ ባለጸጋ ሊኖር አይችልም አለ። እሱ ራሱ ቀደም ሲል ከጻፈው ልብ ወለድ የተለቀመ ነገር እንዳየበትም ሳይገልጽ አላለፈም።

የዌልስ ሙግት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የኤኮኖሚ ነገር ከተነሣ አብዛኛው ትክክል ነው። ነገር ግን የፊልሙ ኃይል ያለው ሰው በሠራው መኪና ሲዋጥ በሚያሳየው ሥዕል ላይ ነው፤ ዌልስ ይህን አልመዘነውም።

ደግሞም አንድ ሌላ ነገር አለ። የፊልሙ ባለቤት ኡፋ ኩባንያ ዕዳ ስለ ገባ በ1925 መጨረሻ ከአሜሪካ ኩባንያዎች ተበድሮ ነበር። ፊልሙ አሜሪካ ሲደርስ ፓራማውንት ኩባንያ ቻኒንግ ፖሎክ የተባለውን የቴአትር ደራሲ ቀጥሮ አስቆረጠው። ከተቆረጠው ውስጥ ሄል የምትባል ሴት ታሪክ ይገኛል። ሄል የከተማይቱ ጌታ ሚስት ነበረች። ፈልሳፊው ሮትቫንግም ይወዳት ነበርና እስዋ ከሞተች ወዲህ የሚሠራው ክፋት ሁሉ ከዚህ ቂም የመነጨ ነው። ታሪኳ የወጣው ስሟ በእንግሊዝኛ ሲኦል ከሚባለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ከዚህ በኋላ ተመልካቹ ፈልሳፊው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ሊገባው አልቻለም። በጀርመንም በኦገስት 1927 ፊልሙ ከ4189 ሜትር ወደ 3241 ሜትር ገደማ አጥሮ እንደገና ወጣ። እንግዲህ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ታሪኩ ተዘበራርቋል እየተባለ ሲነቀፍ፣ ከጥፋቱ ከፊሉ የአዘጋጁ ሳይሆን የመቀሱ ነበር።

ላንግ ግን ሥራውን አላቆመም። በ1929 ስለ ጨረቃ ጉዞ የሚናገር ፊልም፣ በ1931 ደግሞ ሕፃናትን የሚገድል ሰው ታሪክ የሆነውን ስመ ጥሩ ፊልሙን «ኤም»ን አወጣ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የማስታወቂያ ሚኒስትሩ ጎብልስ «የዶክተር ማቡዘ ኑዛዜ» የተባለውን ፊልሙን አገደ። በእናቱ በኩል ከአይሁድ የሚወለደው ላንግ በዚያው ዓመት አገሩን ትቶ ወደ ፓሪስ ሄደ። ከሚስቱም ተፋታ፤ እስዋ ግን በጀርመን ቀርታ ሥራዋን ቀጠለች። በ1934 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከ20 ዓመት በላይ በሆሊውድ ሠራ። የመጨረሻ ፊልሙን በ1960 በጀርመን አወጣ።

የሚያስገርመው በስተርጅናው ላንግ ራሱ ከነቃፊዎቹ ወገን መቆሙ ነው። የባለጸጋና የሠራተኛ ጠብ በደግ ልብና እጅ በመጨባበጥ ያልቃል ማለት ተረት መሆኑን አምኗል። ዚግፍሪድ ክራካወር የተባለው ጸሐፊም በ1947 ባወጣው መጽሐፍ ይህ ፍጻሜ ለአምባገነኖች የሚመች መሆኑን አመልክቶ ነበር። ላንግ ኦገስት 2 ቀን 1976 በካሊፎርኒያ በቤቨርሊ ሂልስ በ85 ዓመቱ አረፈ። በማግሥቱ ዓመት በ1977 የወጣው «ስታር ዋርስ» የተባለው ፊልም ወርቃማውን የብረት ሰው ሲሣል መልኩን የወሰደው ከ«ሜትሮፖሊስ» ነው።

በ2001 ዩኔስኮ ፊልሙን በዓለም የመታሰቢያ መዝገብ ላይ ጻፈው፤ ያን ጊዜም ፊልሙ ጎዶሎ ነበር። በአርጀንቲና ፈርናንዶ ማርቲን ፔኛ የተባለ የፊልም ታሪክ አዋቂ አንድ ነገር ሰምቶ ነበር። አንድ የፊልም ክበብ ሰው ቀድሞ «ሜትሮፖሊስ»ን ሲያሳይ ፊልሙን በጣቱ ተጭኖ ከ2 ሰዓት በላይ መቆሙን ያወራ ነበር። ፔኛ በዓለም የታወቀው ቅጂ ሁሉ ይህን ያህል እንደማይረዝም ያውቃልና ነገሩ ከልቡ አልወጣም። በ2008 በቦነስ አይረስ የፊልም ሙዚየም ኃላፊዋ ፓውላ ፌሊክስ ዲዲየር ከእርሱ ጋር ቆርቆሮዎቹን ከፍታ ስታይ፣ በ1928 ወደ አርጀንቲና ከገባው ሙሉ ፊልም የተቀዳ ቅጂ ተገኘ። የተቧጨረና የደበዘዘ ቢሆንም ጠፍቶ የነበረውን 25 ደቂቃ ያህል መለሰ። የሄል ታሪክም፣ ከከተማይቱ ጌታ ልጅ ጋር ልብስ የተለዋወጠው የ11811ኛው ሠራተኛ ታሪክም ተመለሰ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2010 በበርሊን እንደገና ሲታይ፣ በክረምት ብርድ ከብራንደንቡርግ በር ፊት ለፊት ቆሞ የተመለከተው ሕዝብ ብዙ ነበር።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላል ያገራችን ሰው። የተቺ ብዕር የፈለገውን ቢል ሥራው ባለበት ይቆያል፤ ሌላው ትውልድም አይቶ የራሱን ይፈርዳል። መቀስ የቆረጠው ግን ዳግመኛ አይታይም። የ«ሜትሮፖሊስ» ቅጂ የተረፈው የፊልሙን ዋጋ ያወቀ ሰው ስለ ጠበቀው ብቻ አይደለም። ዋጋውን የማያውቁ ሠራተኞችም ቆርቆሮውን ሳይጥሉ በየመደርደሪያው ስላቆዩት ነው። መዝገብ በእጁ የሚገባ ወጣት ሁሉ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።