ሙሴ ኢልግና የመጀመሪያው ቴምብራችን

የቆየ ቴምብር በሐራጅ በሚሸጥባቸው የአውሮፓ አዳራሾች የኢትዮጵያ ተራ ሲደርስ፥ ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንግዳ የሚሆን ዋጋ ይሰማል። የዐፄ ምኒልክ መልክ ያለበት የመጀመሪያው ቴምብራችን፥ ማኅተም ያላረፈበት ንጹሑ፥ ብዙ በማይከብድ ገንዘብ ይሸጣል። ያው ቴምብር ተለጥፎበት በእግረኛና በበቅሎ ከሸዋ ደጋ ወርዶ፥ በሐረር አድርጎ ባሕር የተሻገረ፥ ጠርዙ የተበላ፥ ወዝ የጠጣ ኤንቨሎፕ ሲቀርብ ግን ገዢዎች ይሻሙበታል። ንጹሑ ረክሶ የቆሸሸው የከበረበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱ ያለው በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ስለሆነ፥ ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የስዊሱን መሐንዲስ የሙሴ አልፍሬድ ኢልግን ታሪክ ላጫውታችሁ።

ሙሴ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. ፍራውንፌልድ በምትባል የስዊስ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ምሕንድስና ተማሩ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከአውሮፓ የእጅ ጥበብ የሚያውቁ ሰዎች ይፈልጉ ስለነበር፥ ኢልግ ከሁለት የአገራቸው ሰዎች ጋር የአፋርን በረሃ አቋርጠው በ1871 ዓ.ም. ሸዋ ገቡ። ዕድሜያቸው ገና 25 ዓመት አልሞላም ነበር፤ ከእኛ ከብዙዎቻችን የሚበልጡት በጥቂት ዓመት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ፈተናቸው ድልድይ ወይም መንገድ አልነበረም፤ ጫማ ነበር ይባላል። ንጉሡ ጫማ እንዲሰፉላቸው አዘዙ፤ መሐንዲሱም መርፌና ወስፌ ይዘው ሰፉ። ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠሩ ታዘዙ። ከውጭ የተገዛው እንደሚሻልና እንደሚረክስ ቢያስረዱም አልተሳካላቸውም፤ ሠርተው አቀረቡ። ይህን ወሬ ሲነግሩን ብዙ ጊዜ ለሣቅ ነው። ለእኔ ግን የሚያሥቅ አይመስለኝም። ምኒልክ የሚፈልጉት የተሠራ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዕቃው በአገር ውስጥ ሊሠራ መቻሉን ማየት ነበር፤ ወረቀት ይዞ የመጣውን ሰው በእጁ ሥራ መዘኑት።

ከዚያ በኋላ ሥራው በላይ በላዩ መጣ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ተሠራ። ከእንጦጦ ተራራ ምንጭ ተጠልፎ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት የመጣው ውኃም የእሳቸው ሥራ ነው። ቁልቁል የወረደው ውኃ ግቢው ካለበት ኮረብታ ላይ ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ ጉድ አለ።

ለመሆኑ በዚያ ዘመን ደብዳቤ በምን ይሄድ ነበር? ዛሬ ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ በታክሲ እየተመላለስን የምንማር ተማሪዎች በየቀኑ የምንረግጠው መንገድ የመልእክተኛ መንገድ ነበር። በሱሉልታ በኩል ወደ ጎጃም፥ በቡራዩ በኩል ወደ ወለጋ፥ በሰበታ በኩል ወደ ጅማ የሚሄደው መልእክተኛ የታተመበትን ወረቀት በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ይዞ ይሮጣል። በትሩን ያየ ሁሉ የማን መልእክተኛ እንደሆነ ስለሚያውቅ መንገድ ይለቅለታል። ቴምብር አያስፈልገውም፤ ኪራዩ የጌታው ስም ነው። የነጋዴና የእንግዳ ደብዳቤ ደግሞ ከሲራራ ጋር ይጓዛል፤ ሲራራው በዘገየ ቁጥር ደብዳቤውም ይዘገያል።

ሙሴ ኢልግ ራሳቸው የዚህን ጣጣ በደንብ ያውቁ ነበር። ከ1880 እስከ 1883 ዓ.ም. ድረስ ሐረር ከነበረ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ብዙ ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። ነጋዴው እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በገጣሚነቱ የምናውቀው አርተር ራምቦ ነው፤ ግጥሙን በሃያዎቹ መጀመሪያ ትቶ ሐረር ውስጥ ጨርቅ፥ ድስትና ልዩ ልዩ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ደብዳቤዎቹ ከጊዜ በኋላ በመጽሐፍ ታትመዋል፤ ግጥም የሚፈልግባቸው ሰው ግን ያዝናል። የተሞሉት በሒሳብ፥ በበቅሎ፥ ባልተሸጠ ዕቃና በዘገየ ሲራራ ነው። ከሁሉም አንዱ ነገር ሊታለፍ አይገባውም። ራምቦ ሁለት ባሪያዎች እንዲገዙለት ኢልግን ለመነ፤ ኢልግም ከዚህ በፊት ባሪያ ገዝተው እንደማያውቁና ወደፊትም ለመጀመር እንደማይፈልጉ ጽፈው እንቢ አሉ። ዘመኑ የባሪያ ንግድ በግልጽ የሚካሄድበት፥ ብዙ አውሮፓዊም እንዳላየ የሚያልፍበት ነበርና ይህ ቀላል መልስ አይደለም። ስለ ሙሴ ኢልግ ጥቅም ፈላጊነት የሚጻፈውን ሳነብ ይህ ደብዳቤ ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ቴምብሩ እንምጣ። የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጹ የጣልያንኛው ጽሑፍ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል እንድትነጋገር ያስገድዳል፤ አማርኛው አያስገድድም። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1886 ዓ.ም.፥ የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም አዘዙ፤ የምድር ባቡሩንም ሥራ ለሙሴ ኢልግ ፈቀዱ፤ በዚያው ጊዜ በስማቸው ገንዘብ በፓሪስ እንዲቀረጽ አደረጉ። እነዚህ ነገሮች በአንድ ወቅት የመጡት በአጋጣሚ አይደለም። ገንዘብና ቴምብር ያለውን መንግሥት የሌላው ጥገኛ ነው ብሎ በካርታ ላይ ቀለም መቀባት ያስቸግራል። አድዋ በመድፍ የተናገረውን ቴምብሩ ከሁለት ዓመት በፊት በወረቀት ጀምሮት ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ኢልግ ጉዳዩን በፓሪስ አስፈጸሙ። የፈረንሳይን ቴምብሮች የቀረጸው ዩጂን ሙሾን ቀረጸው። ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ 7 ዓይነት ነበር፤ 16 ግርሽ አንድ ብር መሆኑ ነው። በአራቱ አነስተኛ ዋጋዎች ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፥ በሦስቱ ከፍተኛ ዋጋዎች ላይ የይሁዳ አንበሳ ታተመ። ጽሑፉ በሙሉ በራሳችን ፊደል ነው፤ አንድም የላቲን ፊደል አልነበረበትም። እኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ እጅግ የምወደው ይህን ነው።

ሆኖም እውነቱን መደበቅ አይገባም። ቴምብሩ ደረሰ እንጂ ፖስታ ቤቱ ገና አልደረሰም ነበር። ጽሑፍ የሚያውቀው ሰው ጥቂት፥ ባላባቱ የለመደው መልእክተኛውን፥ መንገዱም የበቅሎ መንገድ ነበር። ስለዚህ ከታተመው ቴምብር ብዙው ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፍ በአውሮፓ ለሰብሳቢዎች ተሸጠ፤ ከዚያም የመጣው ገንዘብ ለሥራው አልተጠላም። ዛሬ ንጹሑ የረከሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ በአልበም ውስጥ ተኝቶ የኖረው ብዙ ነውና። በእውነት የተጓዘው ግን ጥቂት ነው።

የተጓዘውም ቢሆን ሁለት ቴምብር መያዝ ነበረበት። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች ቴምብራችን ከጂቡቲ ወዲያ አይታወቅም። ስለዚህ ላኪው ከምኒልክ ቴምብር ጎን የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ቴምብር ይለጥፋል። አንድ ኤንቨሎፕ ላይ የሁለት አገር ቴምብርና የሁለት አገር ማኅተም የሚታየው ለዚህ ነው፤ በሐራጅ ገዢዎችን የሚያሻማው ይኸው ነው። ለአዋቂ ሰው ዋጋው ከቴምብሩ ሳይሆን ከማኅተሙ፥ ከቀኑና ከመንገዱ ነው። ይህን ያወቁ አታላዮችም የሐሰት ማኅተም እየመቱ ብዙ ሰው አታልለዋል።

ከ1893 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው ቴምብር ላይ ተጨማሪ ጽሑፍ በማኅተም ይመታበት ጀመር፤ መጀመሪያ የአገሪቱ ስም በፈረንሳይኛ፥ ከዚያ ቦስታ፥ ቀጥሎም መልእክት የሚል። አያቶቻችን ፖስታን ቦስታ ሲሉ የሠቃችሁ ተማሪዎች ቃሉ በመንግሥት ቴምብር ላይ የተጻፈ መሆኑን እወቁላቸው።

ሙሴ ኢልግ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ተባሉ፤ በዚያም ዓመት ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር በተደረገው ንግግር ላይ ነበሩበት። ባቡሩ ግን መከራ ሆነባቸው። ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፤ የፈረንሳይ መንግሥት እጁን አስገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሳይጠየቁ በተደረገው ውል ተቆጡ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ለብዙ ዓመት ቆመ። ኢልግ በዚህ ነገር ከወቀሳ ነጻ ናቸው አልልም፤ አማካሪም ባለ ኩባንያም መሆን ሁለት ጌታ ማገልገል ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥራቸውን ትተው ወደ ዙሪክ ተመለሱ። የሰበሰቧቸው የኢትዮጵያ ዕቃዎችም በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ።

እኛ ጋ የቀረውስ? በሰበታም፥ በቡራዩም፥ በሱሉልታም በየአያቱ ቤት አንድ የቆየ ሣጥን አይጠፋም፤ በውስጡም የመሬት ግብር ደረሰኝና የተጣጠፈ ደብዳቤ አለ። የ1886ቱ ቴምብር ባይገኝ እንኳ የኋለኛው ዘመን ይገኛል። ቴምብሩን ለማውጣት ኤንቨሎፑን ውኃ ውስጥ አትንከሩ፤ በመቀስም አትቁረጡ፤ በፕላስተርም አትለጥፉ። ቴምብር የተቆረጠለት ኤንቨሎፕ ከየት ወደ የት እንደሄደ የሚናገረውን ምላሱን ተቆርጧል።

ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲያ የኢትዮጵያ ቴምብር ያለ ረዳት ባሕር ተሻገረ። ይህን ሙሴ ኢልግ በሩቅ ሆነው ሰሙ። ዙሪክ ውስጥ ያረፉት በ1908 ዓ.ም. ታኅሣሥ 28፥ በእኛ የገና ዕለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ፤ በበቅሎ ብዙ ሳምንት ይፈጅ የነበረው የፖስታ ከረጢትም ከጂቡቲ በሦስት ቀን መድረስ ጀመረ።