ዦዜፍ ቦሎኝ፣ የሲንፎኒ ደራሲ

ዦዜፍ ቦሎኝ እ.ኤ.አ. በ1745 በካሪብያን ባሕር፣ በጓዴሎፕ ደሴት ተወለደ። አባቱ ፈረንሳዊ ባለርስት ሲሆን፣ እናቱ ናኖን ግን በባርነት የምትኖር ጥቁር ሴት ነበረች። በልጅነቱ ወደ ፈረንሳይ ተወስዶ በሰይፍ ግጥሚያና በቫዮሊን ስመ ጥር ሆነ። በ1773 በፓሪስ የታወቀ ኦርኬስትራ መሪነትን ተረከበ።

በ1776 የኦፔራ ቤቱ ኃላፊነት ታስቦለት ሳለ፣ ጥቂት ዘፋኞች ለክልስ መታዘዝን ስለ ተጸየፉ ሹመቱ ቀረ። እርሱ ግን ከጥበቡ አልራቀም፤ በ1779 ሁለት ሲንፎኒዎች፣ ማለትም ለብዙ የሙዚቃ መሣሪያዎች የተደረሱ ሰፋፊ ድርሰቶች አሳተመ። ታላቁ ሃይደንም ስድስቱን የፓሪስ ሲንፎኒዎች የደረሰው ቦሎኝ ይመራው ለነበረው ኦርኬስትራ ነው።

በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ የጥቁሮችንና የክልሶችን ጦር መራ። በ1799 ፓሪስ ላይ አረፈ። ሹመቱን ቢነፈግም ድርሰቶቹ እስከ ዛሬ ይደመጣሉ።