ሩዶልፍ ቫለንቲኖና የታንጎ ትዕግሥት

ከትምህርት ቤት ወጥተው ሥራ የያዙ ወጣቶች ዓመት ሳይሞላቸው ዕድገት ካላገኙ ዕድላቸው የጠፋ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የአንድ ዳንሰኛ ታሪክ ልናቀርብ ወደድን። ዘመኖቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሩዶልፍ ቫለንቲኖ በ1895 ዓ.ም. በደቡብ ኢጣልያ፥ ካስቴላኔታ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የከብት ሐኪም ነበሩ፤ እርሱ ገና ልጅ ሳለ ሞቱ። የእርሻ ትምህርት ቢማርም በአገሩ ስላልቀናው፥ በ1913 ዓ.ም. መጨረሻ በ18 ዓመቱ በመርከብ ኒውዮርክ ገባ።

እዚያም የጠበቀው ችግር ነበር። አትክልተኛ ሆነ፤ በምግብ ቤት ሳሕን አጠበ። በኋላም ማክሲም በሚባል ቤት፥ ከፍለው ለመደነስ ከሚመጡ ሴቶች ጋር የሚደንስ ቅጥረኛ ሆነ። በቦነስ አይረስና በሞንቴቪዴዮ የድኾች ሰፈሮች የተወለደው ታንጎ በዚያን ጊዜ ፓሪስን አልፎ ኒውዮርክ ደርሶ ነበር።

ታንጎ ለችኩል ሰው አይሆንም። ተማሪው ከሁሉ በፊት የሚማረው መራመድን ነው። ወንዱ ይመራል፤ ነገር ግን ሴቲቱ ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሳታሳልፍ ቢራመድ፥ ወይ እግሯን ይረግጣል፥ ወይ ሁለቱም ይንገዳገዳሉ። በታንጎ መሪ የሚባለው እንግዲህ መጠበቅን የሚያውቅ ነው። በየምሽቱ ከማያውቃት ሴት ጋር የሚደንስ ሰው ይህን ሳይማር እንጀራውን አያገኝም።

በ1917 ዓ.ም. ወደ ምዕራብ አሜሪካ ሄደ። በሲኒማም ለብዙ ጊዜ የተሰጠው ትንንሽ ቦታ፥ ያውም አብዛኛውን ጊዜ የክፉ ሰው ነበር። በመጨረሻ ጁን ማቲስ የተባለችው የፊልም ደራሲ ችሎታውን ተመለከተችለት። በ1921 ዓ.ም. በታየው «አራቱ የራእይ ፈረሰኞች» በተባለው ፊልም ታንጎ ሲደንስ ዓለም ዐወቀው። ጭፈራው የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከበስተ ጀርባው ግን የሰባት ዓመት ልፋት ነበረ።

ከዚያም ከአሠሪው የፊልም ኩባንያ ጋር በውል ተጣላና ሥራው ተቋረጠ። በዚህ ጊዜ በ1923 ዓ.ም. ከባለቤቱ ከናታሻ ራምቦቫ ጋር በየከተማው እየዞረ ደነሰ። በችግር ቀን የያዘው እግሩ በችግር ቀን አልከዳውም።

ቫለንቲኖ ነሐሴ 23 ቀን 1926 ዓ.ም. ኒውዮርክ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ በ31 ዓመቱ ሞተ። በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ ሸኘው። ዝናው የቈየው ከአምስት ዓመት እምብዛም አይበልጥም፤ ዝግጅቱ ከዝናው ይረዝማል።

ስለዚህ ትዕግሥት ዕድሜን ወይም ሹመትን ያስገኛል ብለን አንሰብክም። ትዕግሥት ስንልም እጅን አጣጥፎ ደጅ መጥናት ማለታችን አይደለም። ደጅ የሚጠና ሰው በሩን ያያል፤ ታጋሽ ሰው ግን እርምጃውን ይለማመዳል። በሩ በተከፈተ ቀን ገብቶ መራመድ የሚችለው ይኸኛው ነው።