ሮበርት ኮክ እና የአልቶና አሸዋ

ሮበርት ኮክን የማያውቅ የባዮሎጂ ተማሪ የለም። ስሙ ከምንበላው ኮክ ጋር ስለሚመሳሰል ፍሬሽማን እያለን ስቀንበታል፤ ፖስቹሌቶቹንም ለፈተና ሸምድደን አልፈናል። ስለ መጠጥ ውሃ የሠራው ግን እምብዛም አይነሳም። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ እሱ ነው።

ኮክ እ.ኤ.አ. በ1843 ዓ.ም. በዛሬዋ ጀርመን፣ ክላውስታል በምትባል የማዕድን ከተማ ተወለደ። በጎቲንገን ሕክምና ተምሮ በገጠር ከተማ ሐኪም ሆኖ እየሠራ የአባሰንጋን ባክቴሪያ አጠና። በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ አሳወቀ፤ በ1884 ካልካታ ላይ የኮሌራን ለየ። በጠጣር ጄላቲን ላይ ባክቴሪያ የማሳደግ ዘዴው ደግሞ የውሃን ባክቴሪያ ለመቁጠር በር ከፈተ። ፕሌት ላይ ኮሎኒ ስንቆጥር ዓይናችን የሚደክመው በእሱ ምክንያት ነው እንግዲህ!

በ1892 ሃምቡርግ ላይ ኮሌራ ገባና ከ8,600 በላይ ሰው ፈጀ። ከተማዋ የኤልብን ወንዝ ሳታጣራ ነበር የምትጠጣው። ጎረቤቷ አልቶና ከዚያው ወንዝ፣ ያውም የሃምቡርግ ፍሳሽ ከሚገባበት በታች እየቀዳች የታመመባት ጥቂት ሰው ብቻ ነው። የሁለቱ ከተሞች ወሰን በሆነ መንገድ ላይ ወዲህ ማዶ ሰው ሲሞት ወዲያ ማዶ ደህና ነበር። ልዩነቱ አልቶና ውሃዋን ቀስ ብሎ በአሸዋ ውስጥ እንዲያልፍ ማድረጓ ነው።

ኮክ ነገሩን ሲመረምር ባክቴሪያውን በዋናነት የሚይዘው አሸዋው ሳይሆን በላዩ የሚጋገረው ዝልግልግ ሽፋን መሆኑን አስረዳ። ስለዚህ ውሃው በሰዓት ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይፈጥን፣ እያንዳንዱ ማጣሪያ በየቀኑ እንዲመረመር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100 ኮሎኒ በላይ ከተገኘም ውሃው ለሕዝብ እንዳይሄድ ጠየቀ። በ1893 መጀመሪያ፣ በብርዱ ወራት፣ የአልቶና ማጣሪያ ሲጸዳ በረዶ ያዘው፤ ኮሌራም እዚያው አልቶና ብቅ አለ። ሃምቡርግ በዚያው ዓመት የራሷን የአሸዋ ማጣሪያ ሥራ አስጀመረች።

ሽፋኑ ሕይወት ያለው ሠፈር መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። ፕሮቶዞአዎች መጤውን ባክቴሪያ ይበሉታል፤ ነባሮቹ ባክቴሪያዎች ደግሞ ምግቡን ይሻሙታል። በሰው አንጀት ሙቀትና ምግብ የለመደ ባክቴሪያ እዚህ ይራባል።

ኮክ የጠራ ሰው ብቻ አልነበረም። በ1890 ቱበርኩሊን ነቀርሳን ያድናል ብሎ ብዙ ሕሙማንን በከንቱ ተስፋ አስደርጓል። በ1905 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለነቀርሳ ምርምሩ ነው፤ በ1910 ባደን-ባደን ውስጥ አረፈ።

ዘዴው የማይደርስበትም ቦታ አለ። ያው ዝልግልግ ሽፋን ቧንቧ ውስጥ ሲለጠፍ ባዮፊልም ይባላል፤ ውስጡ የተሸሸገውን ባክቴሪያ ክሎሪን በቀላሉ አያገኘውም። በሕይወት እያለ ፕሌት ላይ የማያድግም አለ። ላብ ውስጥ ዜሮ ብለን የምንመዘግበው ፕሌት እነዚህን አይቆጥርም።