አንሪ ሚኜ

አንሪ ሚኜ (ኦክቶበር 19 ቀን 1893 – ኦገስት 31 ቀን 1965 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ የሬዲዮ ባለሙያ፣ የአውሮፕላን ንድፍ አውጪና ጸሐፊ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ፑ ዱ ሲዬል በተባለችው፣ ማንም ሰው በቤቱ እንዲሠራት ታስባ በተነደፈች ትንሽ አውሮፕላን ነው። በዚችው አውሮፕላን በደረሱት የሞት አደጋዎችም ስሙ አብሮ ይነሳል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የመጀመሪያ ሥራዎቹ

ሚኜ የተወለደው በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በአሁኑ ሻራንት ማሪቲም ነው። በወጣትነቱ የጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል የመብረር ሙከራዎች ስለማረኩት፣ በ1912 ገደማ ሞተር የሌለው የመጀመሪያ በራሪውን ሠራ። ከዚያ በኋላ ያወጣቸው ንድፎች በተራ ቁጥር ይጠራሉ፤ ብዙዎቹም አልተሳኩም። የ1928ቱ ኤች.ኤም.8 ግን በረረ። ሚኜ አሠራሩን ጽፎ ስላሳተመ ሌሎችም እያዩ ሠሩት።

እርሱ ራሱ ግን በተለመደው አውሮፕላን መብረር ይከብደው ነበር። መሪውን በእጅ፣ ፔዳሉን በእግር እያስማሙ መንዳት ለተራ ሰው አደገኛ ነው ብሎ ያምን ስለነበር ፔዳሉን ጭራሽ ለማስቀረት ወሰነ።

ፑ ዱ ሲዬል

ኤች.ኤም.14 ሴፕቴምበር 10 ቀን 1933 በሶአሶን ከተማ አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረች። የስሟ ትርጉም የሰማይ ቅማል ማለት ሲሆን፣ እንግሊዞች ግን በራሪ ቁንጫ አሏት። አካሏ ከጣውላ፣ ከኮምፔልሳቶ፣ ከጨርቅና ከኮላ የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያዋ ሞተር ጉልበት 17 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ሁለት ክንፎቿ አንዱ ከሌላው በስተኋላ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። የኋላው አይነቃነቅም። የፊተኛው በማጠፊያ ላይ ስለሚዞር፣ አብራሪው መሪውን ሲስብ የክንፉ ፊት ቀና ይልና አውሮፕላኗ ትወጣለች። መሪው ወደ ጎን ሲገፋ ደግሞ ጅራቷ ይዞራል።

በ1934 ያሳተመው ለ ስፖር ደ ሌር የተባለው መጽሐፍ አሠራሯን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስረዳል። የእንጨት ሣጥን በሚስማር መግጠም የቻለ ሰው አውሮፕላን መሥራትም ይችላል የሚለው አስተሳሰብ አንባቢውን አነሳሳ። በ1935 የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም በአንድ ወር ውስጥ 6,000 ቅጂ ተሸጠ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሚኜ ራሱ በፑ የእንግሊዝን ቦይ ተሻገረ። የብሪታንያ መንግሥትም ሙሉ የብቃት ምርመራ የማይጠይቅ ቀለል ያለ የመብረር ፈቃድ ይሰጥ ጀመር።

አደጋዎቹና ምርመራው

ብዙም ሳይቆይ በፈረንሳይም በብሪታንያም አውሮፕላኖቹ በአፍጢማቸው እየተደፉ አብራሪዎች ሞቱ። መጀመሪያ የተጠረጠሩት ሠሪዎቹ ነበሩ፤ ጥርጣሬውም መሠረት ነበረው። አንዳንዱ ከመጽሐፉ መለኪያ ወጥቷል፣ አንዳንዱም ከመኪና የተወሰደ ከባድ ሞተር ገጥሞ ሚዛኗን አዛብቷል። ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ከዚያ በፊት በረው አያውቁም።

በ1936 በእንግሊዝ ፋርንቦሮና በፈረንሳይ ሻሌ-ሙዶን ሙሉ አውሮፕላን በሚያስገቡ የነፋስ ዋሻዎች ውስጥ ሙከራ ተደረገ። ውጤቱ ሌላ ነገር አሳየ። አፍንጫዋ ከ15 ዲግሪ ገደማ በላይ ወደ ታች ካዘነበለ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው መሳብ እንኳ አይመልሳትም ነበር። የፊተኛው ክንፍ ሲቀና የኋላ ጠርዙ ወደ ኋለኛው ክንፍ ስለሚጠጋ፣ በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት የሚያልፈው አየር ይፈጥናል፤ የኋለኛው ክንፍም ይበልጥ ይነሣና አፍንጫዋን ይደፋታል። አብራሪው ለመዳን ብሎ መሪውን በሳበ ቁጥር አወዳደቁን ያብስ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ቃል በቃል ተከትሎ፣ ኮላውንም ሚስማሩንም ሳያጓድል የሠራ ሰው እንኳ ከዚህ አደጋ አያመልጥም ነበር። እንዲህ ያለው ጉድለት ግቢ ውስጥ መጋዝ ይዞ ለሚሠራ አማተር የሚታይ አይደለም፤ ለሚኜም አልታየውም።

የብሪታንያ መንግሥት ከዚያ በኋላ ለዚህ ንድፍ አዲስ ፈቃድ መስጠት አቆመ። ሚኜ በበኩሉ የክንፎቹን አቀማመጥና የመሪውን አሠራር አሻሻለ፤ ኋላ የወጡት ፑዎች ያ ጉድለት አልነበረባቸውም። የሕዝቡ ጉጉት ግን በርዶ ነበር።

የኋላ ዘመኑ

ከዚህ በኋላ ሚኜ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፈረንሳይ አርበኞች የታሰበች ፑ ማኪ የተባለች አውሮፕላን ነደፈ። ከጦርነቱ በኋላም በአርጀንቲና፣ በጃፓንና በሞሮኮ በዚያው ባለ ሁለት ክንፍ አሠራር አዳዲስ ንድፎችን አወጣ። በ1965 በቦርዶ አጠገብ በፔሳክ አረፈ። በፈረንሳይ የአማተር አውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ሬዞ ዱ ስፖር ደ ሌር ስሙን የወሰደው ከሚኜ መጽሐፍ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ፑዎች የተረፉት በርካቶቹ ዛሬ በአውሮፓ ሙዚየሞች ይታያሉ።