ከዓሣ ገበያ እስከ ሕግ አውጪው ምክር ቤት

አልፍሬድ ስሚዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ከድኻ ካቶሊካዊ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ ስላጣ፥ የቁምስናውን ትምህርት ቤት በ14 ዓመቱ ትቶ ቤተሰቡን ለመርዳት ወደ ሥራ ገባ፤ በፉልተን ዓሣ ገበያም ደከመ።

በሙስና ይታማ በነበረው ታማኒ ሆል በተባለው የፖለቲካ ድርጅት በኩል በሰፈሩ ታውቆ፥ በ1903 ዓ.ም. ለግዛቱ ምክር ቤት ተመረጠ። የሕግ ረቂቅ ማንበብ ቢከብደውም ሌሊት እየተጋ ተማረው።

ማርች 25 ቀን 1911 ዓ.ም. በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሠራተኞች አለቁ፤ አብዛኞቹ ስደተኛ ወጣት ሴቶች ነበሩ። አንደኛው መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። ስሚዝ ኀዘንተኞቹን በየቤታቸው ጎበኘ። ቀጥሎም የአጣሪው ኮሚሽን ምክትል ሊቀ መንበር ሆኖ ፋብሪካዎችን በዓይኑ ተመለከተ፤ ስለ እሳት አደጋ መከላከያና ስለ ሴቶችና ሕፃናት የሥራ ሰዓት የሚደነግጉ ሕጎችም እንዲወጡ ታገለ። በ1913 ዓ.ም. አፈ ጉባኤ ሆነ።

በኋላም አራት ጊዜ የግዛቱ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። በ1928 ዓ.ም. ከታላላቆቹ ፓርቲዎች በአንዱ ለፕሬዚዳንትነት የቀረበ የመጀመሪያው ካቶሊክ ሲሆን፥ ብዙዎች በሃይማኖቱ ምክንያት ተቃወሙት፤ ተሸነፈም። በ1944 ዓ.ም. ዐረፈ።

እኛ ግን ከሹመቱ ይልቅ ይህን እናስተውል፦ ኀዘንተኛን ማጽናናት መልካም ሥራ ነው፤ ስሚዝ ግን የተቆለፈው በር በሕግ እንዲከፈት እስኪያደርግ ድረስ አላረፈም።