አብዱስ ሰላም፦ ከአገርና ከሙያ አንዱን መምረጥ ያልፈለጉት ፊዚሲስት

ከፍተኛ ትምህርት የቀሰመ ሰው የሚሻው ሥራ ሁልጊዜ በተወለደበት አገር አይገኝም። ሐኪምና መሐንዲስ በየትም ቢሄዱ የሚታከም በሽተኛና የሚሠራ መንገድ አያጡም። በንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ የተመረቀ ወጣት ግን ከደመወዙ ሌላ አዳዲስ መጽሔቶች የሚደርሱት ቤተ መጻሕፍት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሐሳቡን የሚፈትንለት የሙያ ባልደረባ ያስፈልገዋል። ይህ ከጎደለ ወይ ሙያው ይሞታል፣ ወይ ባለሙያው ይሰደዳል። በዚህ መንታ መንገድ ላይ ቆመው፣ መጀመሪያ ለራሳቸው፣ ቀጥሎም ለሌሎች መውጫ ሲፈልጉ የኖሩት ፓኪስታናዊው ፊዚሲስት አብዱስ ሰላም ናቸው።

አብዱስ ሰላም የተወለዱት በ1926 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ያደጉትም በጊዜው በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ፣ በፑንጃብ ክፍለ ሀገር፣ ጃንግ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባታቸው የክፍለ ሀገሩ የትምህርት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ልጁ በአሥራ አራት ዓመታቸው የፑንጃብ ዩኒቨርሲቲን የመግቢያ ፈተና እስከዚያ ጊዜ ተመዝግቦ በማያውቅ ከፍተኛ ውጤት አለፉ። ከላሆር በብስክሌት ወደ ጃንግ ሲመለሱም የከተማው ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው።

በ1946 በላሆር የመንግሥት ኮሌጅ የማስተርስ ዲግሪያቸውን በሒሳብ እንደ ጨረሱ ወደ ካምብሪጅ የሚያደርስ የትምህርት ዕድል አገኙ። ገንዘቡ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርጃ ተብሎ የተሰበሰበ ሲሆን፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ለአነስተኛ ገበሬዎች ልጆች ትምህርት እንዲውል የተወሰነ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ሕንድ ለሁለት ተከፈለች፤ ፑንጃብም እኩሌታዋ ለሕንድ፣ እኩሌታዋ ለፓኪስታን ሆነች። ዕድሉ አንድ ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ባልተገኘም ነበር። በካምብሪጅ በሴይንት ጆንስ ኮሌጅ ሒሳብንና ፊዚክስን በአንደኛ ማዕረግ አጠናቀቁ። ከዚያም በኳንተም ኤሌክትሮዳይናሚክስ ላይ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ገና ሃያ አምስት ዓመት ሲሆናቸው ስማቸውን በሙያው ዓለም አስጠራው።

ዶክተር ሰላም ይህን ስም ይዘው በውጭ መቅረት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን በ1951 ወደ አገራቸው ተመልሰው በላሆር የመንግሥት ኮሌጅ መምህር፣ በተከታዩም ዓመት የፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ዓላማቸው የምርምር ትምህርት ቤት ማቋቋም ነበር። ነገር ግን የኮሌጁ አስተዳደር ምርምሩን ረስተው ሌላ ተጨማሪ ሥራ እንዲይዙ ጠየቃቸው። የቀረበላቸውም ምርጫ የተማሪዎች ማደሪያ ተቆጣጣሪነት፣ የኮሌጁ ሒሳብ ያዥነት ወይም የእግር ኳስ ቡድን ኃላፊነት ነበር፤ እርሳቸውም እግር ኳሱን መረጡ። ታላቁ ፊዚሲስት ቮልፍጋንግ ፓውሊ ቦምቤይ መምጣታቸውን ሰምተው ሊያነጋግሯቸው በሄዱ ጊዜም፣ ሲመለሱ የጠበቃቸው ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀርተዋል የሚል ክስ ነበር። በአቅራቢያቸው በሙያው የሚያወያያቸው ሰው የለም፤ መጽሔቶቹም አይደርሱም። የክፋት ሥራ የሠራባቸው አልነበረም፤ ሆኖም ምርምራቸው በዚህ ሁኔታ ቀስ በቀስ እየደረቀ ሄደ።

በዚህ ላይ ሌላ መከራ ተጨመረ። ዶክተር ሰላም የአሕመዲያ እምነት ተከታይ ነበሩ። በ1953 በላሆር በዚህ ማኅበረሰብ ላይ ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በ1954 ካምብሪጅ የመምህርነት ቦታ ሲሰጣቸው ተቀብለው ሄዱ። በ1957 በሎንዶን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ ፕሮፌሰር፣ በ1959 ደግሞ በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው የእንግሊዝ ንጉሣዊ ማኅበር አባል ሆኑ። ለአንድ የፊዚክስ ምሩቅ በውጭ አገር ከዚህ የሚበልጥ ዕድል አይታሰብም።

እርሳቸው ግን መሄዳቸውን እንደ ድል አልቆጠሩትም። ከአገርና ከሙያ አንዱን ለመምረጥ መገደዳቸው በልባቸው ቆይቶ፣ ከእርሳቸው በኋላ የሚመጡት ወጣቶች እንዳይገደዱ የሚያደርግ ሐሳብ ወለደ። በ1960 በቪየና በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጉባኤ ላይ፣ ለታዳጊ አገሮች ሳይንቲስቶች የሚያገለግል ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ ማዕከል እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡን በብርቱ የተቃወሙት በኢንዱስትሪ የበለጸጉት አገሮች ነበሩ፤ ይህ ዓይነቱ ፊዚክስ ለድሃ አገር ቅንጦት ነው የሚል ክርክር አነሡ። ዶክተር ሰላም የሚያምኑት ተቃራኒውን ነበር፦ የፊዚክስ ንድፈ ሐሳብ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ አእምሮና መገናኛ ብቻ የሚበቃው በመሆኑ ለድሃ አገር የሚቀርበው ሳይንስ ይኸው ነው ይሉ ነበር። ኢጣሊያዊው ፊዚሲስት ፓኦሎ ቡዲኒች ስለ ደገፏቸውና የኢጣሊያ መንግሥትም ገንዘብና ቦታ ስለ ሰጠ፣ ማዕከሉ በ1964 በትሪየስቴ ከተማ ተከፈተ። ዳይሬክተሩም እስከ 1993 ድረስ ራሳቸው ነበሩ፤ የኢምፔሪያል ኮሌጁንም ሥራ አልተዉም።

የማዕከሉ ዋና ብልሐት የተባባሪ አባልነት ሥርዓት ነው። በሥርዓቱ መሠረት በአገሩ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ፊዚሲስት ሥራውን ሳይለቅ በዕረፍቱ ወራት ወደ ትሪየስቴ ይመጣል፤ የመስኩን መሪዎች ያገኛል፤ ያዘገየውን ምርምር ይጨርሳል፤ ከዚያም የቀረውን ዓመት ሊያስተምር ወደ ተማሪዎቹ ይመለሳል። ላሆር ለመምህሩ ዶክተር ሰላም የነፈገቻቸው ነገር ይኸው ነበር።

በእነዚሁ ዓመታት የራሳቸው ምርምርም አልቆመም። በራዲዮአክቲቭ ፍርሰት የሚታየው ደካማው ኃይልና ብርሃንን፣ ኤሌክትሪክንና ማግኔትን የሚገዛው ኃይል በመሠረታቸው አንድ መሆናቸውን የሚያሳየውን ንድፈ ሐሳብ በ1968 አቀረቡ። አሜሪካዊው ስቲቨን ዋይንበርግ ከአንድ ዓመት በፊት ለብቻቸው ወደዚያው ደርሰው ነበር፤ ሼልደን ግላሾው ደግሞ መሠረቱን በ1961 ጥለውት ነበር። በ1973 በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የሰርን ቤተ ሙከራ የመጀመሪያው ማስረጃ ሲገኝ፣ በ1979 ሦስቱም የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ሁለቱ አሜሪካውያን በኒውዮርክ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረው የተማሩ ነበሩ፤ ሦስተኛው ግን የመጡት ከጃንግ ነው። ንድፈ ሐሳቡ አስቀድሞ የተናገረላቸው፣ ከፕሮቶን ከ80 ጊዜ በላይ የሚከብዱት ደብልዩ እና ዜድ የተባሉት ቅንጣቶችም በ1983 በዚያው በሰርን ተገኙ።

ፕሮፌሰር ሰላም ሽልማቱን የተቀበሉት የአገራቸውን ልብስና ጥምጥም ለብሰው ነበር። የደረሳቸውንም ገንዘብ ለታዳጊ አገሮች ፊዚሲስቶች አዋሉት። የአገራቸው ነገር ግን መራራ ነበር። ከ1961 ጀምሮ የፓኪስታን ፕሬዚዳንት ዋና የሳይንስ አማካሪ ሆነው ሠርተው፣ በ1974 ፓርላማው የአሕመዲያን ተከታዮች ሙስሊም አይደሉም ብሎ በሕገ መንግሥት ሲደነግግ ሥራቸውን ለቀቁ። ዜግነታቸውን ግን አልለወጡም። በ1996 በኦክስፎርድ ሲያርፉ አስከሬናቸው ወደ ፓኪስታን ተወስዶ በራብዋ ተቀበረ። የመጀመሪያው ሙስሊም የኖቤል ተሸላሚ መሆናቸውን ከሚገልጸው የመቃብር ጽሑፍ ላይ ሙስሊም የሚለው ቃል በኋላ ተፋቀ።

ማዕከሉ በ1997 በስማቸው ተሰየመ። ከኢትዮጵያ ጭምር፣ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ፊዚሲስቶች በአዳራሾቹ አልፈዋል፤ በ2018ም በኪጋሊ ለምሥራቅ አፍሪካ የሚያገለግል ተጓዳኝ ተቋም ሥራ ጀምሯል።

ይህ ሁሉ የምሁራንን ፍልሰት አላስቀረውም፤ ሊያስቀረውም አይችልም። ማዕከሉ ለመምህሩ ጥቂት ወራት ይሰጠዋል፤ የቀሩትን ወራት ማሟላት የአገሩ ፈንታ ነው። የላሆሩ ወጣት መምህር የጠየቁት ብዙ ገንዘብ አልነበረም፤ ጊዜ፣ መጽሔትና ቦምቤይ ደርሶ የመመለስ ፈቃድ ነበር። ፓኪስታን እነዚህን ለማሟላት የሚጠይቃት ወጪ፣ ታላቁን ልጇን በማጣቷ ከደረሰባት ኪሣራ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነበር።